የጥበቃ ሬዲዮ ከምድር ቤት አልሰማም አለ

ጥያቄ፦ ፒያሳ ባለ 9 ፎቅ ሕንጻ ውስጥ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ በ150 ሜጋኸርዝ እንጠቀማለን። ከምድር ቤት የሚላከው ላይ አይሰማም። ዋት ብንጨምርስ?

መልስ፦ ዋት አይፈታውም። ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት 3 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ነው፤ አንድ የአርማታ ወለል ብቻውን ከዚያ በላይ ይበላል። የ150 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር ስለሆነ በበርና በደረጃ ክፍተት ማለፍ ይከብደዋል። በ450 ወደ 67 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ሕንጻ ውስጥ የሚሻለው እሱ ነው። ግን ሬዲዮው ራሱ ይቀየር፤ አንቴና ብቻ ብትቀይሩ ከሬዲዮው ፍሪኩዌንሲ ጋር ስለማይጣጣም ከአንቴናው የተመለሰው ኃይል ማስተላለፊያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው፣ ሆኖም ለምድር ቤት ሪፒተር ያስፈልጋችኋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በሌላ ይለቃል፤ በ450 ባንድ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 5 ሜጋኸርዝ ነው። አንቴናው አንድ ከሆነ ዱፕሌክሰር (የሚላከውንና የሚገባውን ሲግናል የሚለይ ማጣሪያ) የግድ ነው፤ አለበለዚያ የራሱ ሲግናል መቀበያውን ያደነቁረዋል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሪኩዌንሲውን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስፈቅዱ።

ሌላ መልስ፦ ሪፒተር ከገባ በኋላ ጥበቃዎቹን አንድ ነገር አስለምዷቸው፦ ቁልፉን ተጭኖ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ መናገር። ሪፒተሩ ቶኑን (ሬዲዮው ከንግግሩ ጋር የሚልከውን መለያ ድምፅ) ለይቶ እስኪከፍት የቃሉ መጀመሪያ ይቆረጣል፤ «አታስገባው» የተባለው «አስገባው» መስሎ ይደርሳል።