ቀጣዩ ፕሌይስቴሽን፦ ኃይል ይቅደም ወይስ ዋጋ?

የመወያያ ጥያቄ፦ የሶኒው የፕሌይስቴሽን ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ ከቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ጋር ለመጪው ኮንሶል (የጨዋታ ማሽን) ስለሚሠሩት ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ማብራሪያ ሰጥቷል። ዋጋ ግን አልተነሣም። ስንት ትጠብቃላችሁ? ስንትስ ይገባዋል?

ከሜሪላንድ፦ ከ700 ዶላር በታች አልጠብቅም፤ ቢሆንም እገዛዋለሁ። የፕሌይስቴሽን 4 የግራፊክስ ኃይል 1.84 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 1.84 ትሪሊዮን ስሌት) ነበር፤ በፕሌይስቴሽን 5 10.28 ደረሰ። ያን ያህል ለሚዘል ማሽን ገንዘቤን አልሰስትም።

ከአዲስ አበባ፦ ያ ዝላይ እኮ የመጣው ከ400 ዶላር ወደ 500 ብቻ ከፍ ብሎ ነው! ዲስክ ማንበቢያ የሌለው እንዲያውም በ400 ወጥቷል። በ2024 የመጣውን ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ተመልከት፤ 16.7 ቴራፍሎፕስ፣ ሲወጣ 700 ዶላር፣ ያውም ያለ ዲስክ ማንበቢያ። ኃይሉ እጥፍ እንኳን አልሞላም።

ከዱባይ፦ ቴራፍሎፕስ ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ፕሮ ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ይሠራና የጎደለውን ዝርዝር በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞላል። መጪውም በዚሁ መንገድ የሚገፋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባያስደንቅም በስክሪን ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ዋጋው ከከበደ ደግሞ መታገሥ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በ2006 በ600 ዶላር ወጥቶ በ2009 ወደ 300 ወርዷል።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ያ ዘመን አለፈ! ቀድሞ ቺፑ በመጠን ባነሰ ቁጥር ማምረቻው ይረክስ ነበር። ዛሬ ማሳነሱ ራሱ ውድ ሆኗል፤ ሚሞሪውንም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ይሻሙበታል። ፕሌይስቴሽን 5 በወጣ በአምስተኛው ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ከ500 ወደ 550 ዶላር ጨመረ። ተፎካካሪው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ደግሞ ከ500 ተነሥቶ በ2025 650 ገባ። ምኑን ልጠብቅ? እዚህ የብር ምንዛሪ በ2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዋጋው በዶላር ባለበት ቢቆይ እንኳን በብር እጥፍ ሆኖብናል። በየሰፈሩ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤት አዲሱን ማሽን በምን አቅሙ ያስገባል?

ከሜሪላንድ፦ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን በ500 ዶላር ከሸጡት በእያንዳንዱ ማሽን ይከስራሉ።

ከአዲስ አበባ፦ በፕሌይስቴሽን 3ም ከስረው ነበር፤ ኪሳራውን ለማካካስ ያሰቡት በጨዋታ ሽያጭ ነበር። አሁን ደግሞ የወርሃዊ ክፍያም ገቢ አላቸው። 500 ዶላር፣ ከነዲስክ ማንበቢያው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ በፕሌይስቴሽን 4 እቆያለሁ።