ጥቆማ፦ ሥልጠና ለጀመረ ፈረስ ሆድ የሚስማማ መኖና ሐኪም ጎንደር ውስጥ የት ይገኛል?

ጠያቂው፦
ለጥምቀት የማዘጋጀው የስድስት ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ። እስከ ኅዳር መጀመሪያ ከአዘዞ ውጭ መስክ ላይ ሲግጥ ከርሞ ሥልጠና ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ በየጠዋቱ ምንም ሳይቀምስ አንድ ሰዓት ያህል እጋልበውና ስንመለስ ሦስት ኪሎ ገብስ በአንድ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ከሳምንት ወዲህ ግን ገብሱን ጥቂት ቀምሶ ይተዋል፣ የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ሳጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ሊነክሰኝ ይዞራል፣ ፋንድያውም ላልቷል። ገብስና ድርቆሽ ከቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች ብገዛ ይሻላል ወይስ ከአዘዞ? ለሕክምናስ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ክሊኒክ ልውሰደው ወይስ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ልጥራ?

ባለጋሪው፦
ወንድሜ፣ ከማንም ብትገዛ የኬሻውን አፍ ሳታስፈታና እስከ ታች እጅህን ሳታገባ ገንዘብ እንዳትከፍል። አምና ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ሁለት ኩንታል ፉርሽካ ገዛሁ፤ ላዩ ንጹሕ ሲሆን ሥሩ ሻግቶ ተጣብቆ ነበር፣ እኔም ያየሁት ፈረሴ ከበላ በኋላ ነው። ሌሊቱን በፊት እግሩ መሬት ሲቆፍር፣ ሲወድቅና ሲነሳ፣ ላብ ሲያጠምቀው አደረ። ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ ሁልጊዜ የሚጉረመረመው ሆዱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሐኪሙ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ጨጓራውን አቃለለለት፣ ምክንያቱም ፈረስ ማስታወክ አይችልም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

የቅዳሜ ገበያ ደንበኛ፦
ለተፈጠረው ነገር አዝናለሁ፤ ሆኖም በአንድ ሱቅ ምክንያት ሁሉም መጠርጠር የለበትም። እኛ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የምንገዛበት ገብስ ነጋዴ ሚዛኑ የታመነ ነው፣ ፈረሶቻችንም አንድ ቀን እንኳ ቁርጠት ይዟቸው አያውቅም። ከእርሱ ግዛ፣ ፈረስህ ይድናል።

የአራዳ ልጅ፦
እኔ ደግሞ ጥፋቱን በኮርቻው ላይ አያለሁ። ጠፍሩ ደርቆ ቆዳውን ሳይልጠው አልቀረም፤ ጥሩ ቆዳ ሠሪ ከፈለግህ አሳይሃለሁ።

ታዛቢው፦
ይህ ሰው የጻፈውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ያለ አይመስልም። ፈረሱ የተወው ገብስ ሻግቷል አላለም፤ የአባት ነጋዴ ሚዛንም ሆድ አያድንም። ባዶ ሆዱን ሲጋልብ የከረመ እንስሳ እኮ ነው፤ ስለ እርሱ የሚያውቅ ካለ ይናገር።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ቁጣው ይብረድ፤ የባለጋሪው ምክርም ሊናቅ አይገባም፣ የሻገተ መኖ በእርግጥ ይገድላል። የዳማው ነገር ግን ሌላ፣ የጨጓራ ቁስለት ይመስለኛል። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ በትልልቆቹ ዝርያዎች እንኳ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። አሲዱንም ቢበላም ባይበላም ቀንና ሌሊት ያመነጫል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ግን የሚፈሰው ሲያኝክ ብቻ ነው። መስክ ላይ ቀኑን ሙሉ ስለሚግጥ ችግር የለበትም። ሲጋልብ ግን የሆዱ ጡንቻ ጨጓራውን ይጫነውና አሲዱ መከላከያ ወደሌለው ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ጨጓራው ባዶ ከሆነ ደግሞ የሚያግደው ነገር የለም። የጨጓራ ቁስለት በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ እጅግ የሚበዛው ስለዚህ ነው። ምግብ መተው፣ ጠፍር ሲጠብቅ መቆጣት የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሆኖም የአራዳው ወንድማችን እንዳለው ከጠፍሩ ሥር ቁስል አለመኖሩን በእጅህ ዳብሰህ አረጋግጥ።

ለፋንድያው መላላት ዋናው ተጠርጣሪ ሦስቱ ኪሎ ገብስ ነው። ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ያልቻለው ስታርች፣ ማለትም የእህሉ ዱቄታማ ክፍል፣ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ይቦካል፤ ሣር የለመዱትን ተሕዋስያን የሚያናጋቸው ይህ ነው። ገብሱን አሸርክተህ በሦስት ጊዜ ከፋፍለህ ስጥ፣ የአንድ ጊዜው ከአንድ ኪሎ አይብለጥ፤ የመኖ ለውጥም ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ከመጋለብህ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ እቅፍ ድርቆሽ አብላው፤ እንደ ምንጣፍ ሆኖ አሲዱን ይይዝለታል። ድርቆሹ በቀን ከክብደቱ 1.5 በመቶ አይነስ፣ ለ280 ኪሎ ፈረስ ከአራት ኪሎ በላይ ማለት ነው። የሚያልበው ፈረስ ውኃና ጨው ካላገኘ ፋንድያው አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይዘጋል። ሥልጠናውን ግን አትፍራው፤ የእርምጃ ጉዞ አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ ይበልጥ የሚጎዳው በዕረፍት ቀን በረት ውስጥ ታስሮ መዋሉ ነው።

ስለ ክሊኒኩ፣ ቁስለቱን በዓይን ለማየት ረጅም ኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ) ያስፈልጋል፤ መሣሪያው መኖሩን ሳትጠይቅ ፈረሱን አታድክመው። ስትሄድ ትኩስ ፋንድያ ይዘህ ሂድ፣ የአንጀት ትል ይመረመርልሃል። እንደ ባለጋሪው ፈረስ የሚንከባለል ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ቤት ሐኪም ጥራ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት ኦሜፕራዞልን ከሰው ፋርማሲ ገዝተህ በግምት እንዳትሰጠው አደራ።

ባለጋሪው፦
ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የእኔ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ውሎ ማታ ብቻ ነው የሚበላው። በየፌርማታው ጭድ ባስይዘው ይበቃዋል?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
አባቴ፣ ጭድ ከባዶ ሆድ ይሻላል፤ ግን ሻካራ ስለሆነ ውኃ አብረው ያቅርቡለት፣ ቢቻል ከድርቆሽ ጋር ያደባልቁት። ጥርሱንም ያሳዩለት፤ ሳያላምጥ የሚውጠው ጭድ አንጀት ይዘጋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሳልጭነው በፊት ድርቆሽ አቀርብለታለሁ፤ ዛሬ ጠፍሩን ሳጠብቅ ጆሮውን ለጠፈ እንጂ አልዞረብኝም። ገብሱንም ወደ ሁለት ኪሎ አወረድኩት። የድርቆሽ እስር አሁን ስንት እንደገባ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

የቅዳሜ ገበያ ደንበኛ፦
የእኛ ነጋዴ ድርቆሽም አለው። ቅዳሜ በጠዋት ና፣ እኔው አብሬህ ሄጄ አስመርጥሃለሁ።