የአጥር ሐረግ ዕቅድ፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ጎረቤቶች፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ ይኸው። «ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት የቡጋንቪላ ችግኝ ተገዝቶ ይታደል፤ ክረምቱ ሲገባ ሰኔ ላይ ይተከል።» ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ።

የታችኛው መንገድ ነዋሪ፦ አዳማ ላይ አረንጓዴ አጥር የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ችግኝ በሚለው አልስማማም። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ቤት አጥር ምን እንደሆነ ይጠየቅ። ሐረግ ሁሉ አወጣጡ ለየቅል ነው። ፓሽን ፍሩት ቀጭን ክር እየሰደደ ሽቦ ይጨብጣል፤ በባዶ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን የሚይዘው የለውም። አደንጓሬ እንጨቱን እየተጠመጠመ ይወጣል። ቡጋንቪላ አይጠመጠምም፤ በእሾሁ ተደግፎ ነው የሚወጣው። ካላሰሩት መንገዱ ላይ ይንጋለላል። የኛ መንገድ ጠባብ ነው፣ ልጆች ይሯሯጡበታል፤ እሾሁ ዓይናቸው ላይ ነው የሚመጣው። ግድግዳ ላይ በሥሩ የሚለጠፍም አለ። ያምራል፣ ሲነቅሉት ግን ልስኑን ይዞ ይመጣል።

የላይኛው መንገድ ነዋሪ፦ ልክ ብለሃል ልጄ። የኔ አጥር ቆርቆሮ ነው። በበጋ ከሰዓት በእጅ አይነካም፤ ለጋ ቅጠል ከነካው ያርራል። ስለዚህ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር አርቄ ቋሚ ተከልኩና ሽቦ ወጠርኩበት። በመሃል አየር ያልፋል፣ ፓሽኑም ደህና ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ያሰባችሁ ምስጡን አትርሱ። ብረት ቢወደድም ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የመደብነው ብር ችግኝም ብረትም አይገዛም። ታዲያ ችግኙን ለምን እንገዛለን? ቡጋንቪላም የወይን ተክልም በቁራጭ ይበቅላሉ። የጠና፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ አሸዋ ባለው አፈር መትከል ነው። ፓሽን ፍሩት ከበሰለ ፍሬ ዘሩ ይወጣል። ብሩን ለብረትና ለሽቦ እናድርገው። ውሃውስ እንዴት ይሆናል?

የታችኛው መንገድ ነዋሪ፦ ቡጋንቪላ አንዴ ሥር ከያዘ ውሃ ብዙ አይፈልግም። እንዲያውም ሲበዛበት ቅጠሉ ይበዛና አበባው ይቀንሳል። ፓሽን ግን ሥሩ ላይ ላዩን ነው፤ ግርጌው በደረቅ ሣር ይሸፈን፣ የአትክልት እጣቢ ይጠጣ፣ ውሃ ግን አይተኛበት። ነፋስም ይሰብረዋል፤ የነፋስ ማመንጫ በተተከለበት ከተማ ይህን መናገር አያስፈልግም። ከለላ ያለው ጎን ይመረጥ። ሐምራዊው ዓይነት ብቻውን ያፈራል። ቢጫው ከሌላ ቢጫ ተክል የአበባ ዱቄት ካላገኘ ፍሬ አይዝም፤ ስለዚህ ቢጫ የሚተክሉ ጎረቤታሞች ይነጋገሩ። ፍሬ ለማየት ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ወይን የሚመርጥ ደግሞ በየዓመቱ ሊገርዝ ቃል ይግባ። ፍሬው የሚመጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ያልተገረዘ ወይን ጥላ ብቻ ይሆናል።

የላይኛው መንገድ ነዋሪ፦ አንድ ነገር ይጨመርልኝ። መብራት ገመድ ሥር ማንም እንዳይተክል። ሐረጉ ገመዱ ላይ ከወጣ በኋላ በመጥረቢያ የሚወርድ ነገር አይደለም።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «እያንዳንዱ አባል እንደ አጥሩና እንደ ውሃው ራሱ ይምረጥ። ችግኙን ከቁራጭና ከዘር አብረን እናፍላ። ገንዘቡ ለብረት ቋሚና ለሽቦ ይዋል፤ ቅድሚያ ቆርቆሮ አጥር ላላቸው። መብራት ገመድ ሥር አይተከል። እሾሃም ሐረግ ጠባብ መንገድ ዳር አይተከል።» የቆርቆሮ አጥር ያላችሁ እስከ እሑድ ርዝመቱን ለክታችሁ ላኩልኝ፣ ገንዘብ ያዣችን የሽቦ ዋጋ ያጠይቃል።