ሲምባሉ (የድራሙ የናስ ሳህን) የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ማይክ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? የፈንክ ባንዳችንን በላይቭ ለመቅዳት ሦስት ቅዳሜ ሞከርን፤ አልሆነም። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ። ያለኝ 8 መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ነው። ለድራሙ 4 ማይክ ሰጠሁ። ትራምፔት፣ ቴነር ሳክስፎንና ትሮምቦን አንድ አንድ ያዙ። የቀረችው መግቢያ ለቤዝ ሆነች።

ትራምፔቱን ከፍ ሳደርግ ሃይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) አብሮ ይጮሃል። ስኔሩ (ጠንከር ያለ ሹል ድምፅ ያለው የድራሙ ከበሮ) ደግሞ ለብቻው ሲሰማ ጥሩ ነው፤ ሁሉንም ማይክ ስከፍት ድምፁ ይሳሳል፤ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ከድራሙ በላይ ያሉትን ሁለት ማይኮች ከስኔሩ እኩል እንዲርቁ በገመድ ለካሁ፤ ትንሽ ተሻለ። ብርድ ልብስም ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ።

ለየብቻ መቅዳቱን ልቤ እምቢ አለ። ትንፋሾቹ ድራመሩን ዓይን ዓይኑን እያዩ ሲነፉ ነው ነገሩ የሚሞቀው። በጆሮ ማዳመጫ ሲነፉ ምቱን ይጠብቃሉ፤ ያ ግለት ግን የለም።

ሦስቱን ነፊዎች በአንድ ሪበን ማይክ (ድምፁን በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚቀበል ማይክ) ፊት ላቁማቸው? ሪበን ከጎን የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም ስለማይቀበል ድራሙን በጎኑ በኩል ላደርገው አስቤያለሁ። ማይኩን የምከራየው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ርቀቱን ጭምር ንገሩኝ።