ከቻይና ወጥቶ እንግሊዝ ለአንድ ዓመት የኢኮኖሚክስ ዲፕሎማ፦ ለወንድሜ ያዋጣዋል?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ታናሽ ወንድሜ በቻይና መንግሥት ሙሉ ስኮላርሺፕ ኢኮኖሚክስ እየተማረ ነው። ዲፓርትመንቱ እንግሊዝ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት አለው፤ ቻይናውያኑ ልጆች ለአንድ ዓመት ሄደው ዲፕሎማ ይዘው ይመለሳሉ። ጓደኞቹ ሊሄዱ ነው፣ እሱም ልቡ ሸፍቷል። አባየ ደግሞ የአዘዞዋን ቦታ ካልሸጥኩ እያሉ ነው። ዲግሪ ሊይዝ ለተቃረበ ልጅ ይሄ ነገር መሬት ያሸጣል?

ጓንዡ ነበርኩ፦
ኧረ ቦታዋ ትቆይ! ለቻይናዎቹ ያዋጣል። ዲግሪያቸው አራት ዓመት ነው፣ በስምምነቱ መሠረት እንግሊዝ የቆዩበት ዓመት ከታሰበላቸው ጊዜ አይባክንባቸውም። ማይክሮ፣ ማክሮ፣ ኢኮኖሜትሪክስ የሚባሉትን የኢኮኖሚክስ ኮርሶች ወስደው የእንግሊዝ ትራንስክሪፕት ይይዛሉ፣ ከዚያ በእሱ ማስተርስ ያመለክታሉ። ብዙዎቹ ለቤታቸው አንድ ልጅ ናቸው፣ ወላጅ ያለውን አራግፎ ይከፍላል።

ያንተ ወንድም ግን ትምህርቱም ዶርሙም በነጻ ሆኖ በወር 2,500 ዩዋን ኪሱ ይገባል። ስኮላርሺፑን ይዞ ዩኒቨርሲቲ መቀየር አይቻልም። ለአንድ ዓመት ወጥቶ መመለስስ? የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በጽሑፍ ይመልስለት። «ችግር የለም» ብለው በቃል ከሸኙት ወረቀት እስኪሰጡት ድረስ ንቅንቅ እንዳይል።

ቀበሌ 18፦
ቪዛውንም አስቡት እንጂ። የቲቢ ምርመራ አለ። የጤና ክፍያው ብቻ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው። የትምህርት ክፍያውና የመኖሪያው ገንዘብ በራሱ ወይም በወላጅ ስም ባንክ ገብቶ 28 ቀን መቀመጥ አለበት፣ ስለዚህ ከአጎት ለሁለት ቀን ተበድሮ ስቴትመንት አስወጥቶ መመለስ የሚባል ጨዋታ እዚህ አይሠራም። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ፓውንድ መግዛት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ተምሮ እዚያው ቆይቼ ልሥራ ካለም ለዚያ የሚሰጠው ቪዛ ለዲግሪና ለማስተርስ ነው፣ በእንዲህ ያለ ዲፕሎማ አይገኝም።

እትየ ብርቄ፦
እኔ ብሆን እዚያው ቻይና ይጨርስ እላለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ቺቨኒንግ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ይሞክር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ነው የሚከፍለው፣ የሚያገኘውም ማስተርስ ነው። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። እስከዚያ እንግሊዝኛውን ያሻሽል፤ ዲግሪውን በቻይንኛ ከተማረ ኤሴይ መጻፍ ያስቸግረዋል።

የማራኪ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በቻይንኛ ነው የሚማረው፣ ልክ ነሽ። ወረቀቱን ዛሬውኑ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። አባየን ግን ማን ያቁምልኝ፣ ትናንት ደላላ ይዘው ቦታዋን ሲያስለኩ ነው የዋሉት።