የድሬዳዋ ላም አርቢዎች የአገዳ ግዢ ረቂቅ፦ በየሰፈራችሁ ስም ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። ለላሞቻችን መኖ የማሽላ አገዳ በጋራ እናስጭን። አንድ መቆራረጫ ማሽን እንግዛ። መዋጮው በላም ቁጥር ይሁን። ወተት ተረካቢው በቅባት መጠን መክፈል ከጀመረ ወዲህ የሁላችንም ሒሳብ እየተቆረጠ ነው።

ሳቢያን፦ የእኔን ወተት ቅባቱ 2.9 በመቶ ነው ብሎ መለሰው። ውሃ ጨምረሻል አለኝ። ጠብታ አልጨመርኩም!

ገንደ ቆሬ፦ ላሞችሽን ምንድነው የምታበያቸው?

ሳቢያን፦ ፉርሽካና ፋጉሎ። ማታ ማታ ገራባ፣ የጫት ትራፊ። ድርቆሽ ከተወደደ ወዲህ ትቻለሁ።

ገንደ ቆሬ፦ እሱ ነዋ! ላም ቅባቱን በብዛት የምትሠራው ከገለባና ከሣር ነው። ገለባው ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ሲብላላ አሴቴት የሚባል አሲድ ይወጣል፤ ጡቷ ቅባት የሚሠራው ከሱ ነው። ፉርሽካ ሲበዛ ብዙ አታመሰኳም። ካላመሰኳች ምራቋ ያንሳል። የጨጓራዋን ኮምጣጣ የሚያበርደው ደግሞ ምራቋ ነው። ፋጉሎውም ዘይቱ በደንብ ካልወጣለት ቅባቱን ያወርደዋል። ዘይት ያበላ ቅባት ያልባል የሚባለውን አትመኚው። ዛሬ ማታ ሲተኙ በረት ግቢና እያቸው። ከተኙት ግማሹ እንኳ ካላመሰኳ ገለባ ጎድሏቸዋል።

ሳቢያን፦ ሁለቱም ዝም ብለው ነው የሚተኙት።

ለገሃሬ፦ ማሽኑ በማን ግቢ ነው የሚቀመጠው?

ጸሐፊ፦ እሱ በኋላ ይደርሳል።

ለገሃሬ፦ በኋላ አይባልም። የአምናው የጋራ ፓምፕ የት ነው ያለው?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ግቢ ነው። ተበላሽቶ ነው የቆመው። ማን መጥቶ ጠየቀኝ?

ለገሃሬ፦ ሦስቴ መጣሁ። ቁልፉ ልጁ ጋ ነው ተባልኩ። ያንተ ጓሮ ግን ለምልሟል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሌባ ነህ እያልከኝ ነው? በል ደብተሩን መጥተህ ውሰደው!

ጎሮ፦ አቦ ተዉ እንጂ። እኔ ግቢ ይሁን፣ ሰፊ ነው።

ለገሃሬ፦ አንተ ጋ ለመድረስ ደረቅ ወንዝ መሻገር ነው። ጎርፍ ሲመጣ ላሞቼ ይጹሙ?

ሳቢያን፦ የመብራቱንስ ማን ይከፍላል? የሰው ቆጣሪ ላይ መሰካት ጭቅጭቅ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ የማሽኑን ነገር ተዉት፣ በገጀራም ይቆረጣል። ደግሞ እንደ ዱቄት ካደቀቀው አይጠቅመንም። ጣት የሚያክል መሆን አለበት፣ ካልሆነ አያስመሰኳም። እኔ የምለው አገዳውን እንያዝ ነው። መከር ሲገባ ይረክሳል፤ ካለፈ አናገኘውም።

ጸሐፊ፦ የአገዳውን ዋጋ ማን ያጣራል?

ጎሮ፦ እኔ። እስከ ዓርብ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለገሃሬ፣ ትናንት በንዴት ነው የተናገርኩት። ፓምፑን ውሰደው፣ ቁልፉ እኔው ጋ ነው።

ለገሃሬ፦ እሺ ወንድሜ፣ እኔም አብዝቼዋለሁ። ማሽኑን ግን በሰው ግቢ አልቀበልም። መጋዘን እንከራይ።

ጸሐፊ፦ ጎሮ፣ ዓርብ አለፈ። ዋጋው የታለ?

ሳቢያን፦ ስልኩም አይነሳም። ገንደ ቆሬ፣ አንድ ጆንያ ድርቆሽ ተበድሬ ለአንዷ ላም ሰጠኋት። ቀን አፍንጫዋን አስጠግታ ትተወዋለች።

ገንደ ቆሬ፦ በዚህ ሐሩር ቀን አትበላም። ሲመሽ ስጫት። ስታልቢም መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ለጥጃው አትተዪ፤ ወፍራሙ እሱ ነው።

ለገሃሬ፦ መንገድ ዳር የሚከራይ አንድ ክፍል አየሁ። ፊቱ ሱቅ ይሆናል። ፍሪጅ ካስገባን ወተቱን ራሳችን እንሸጣለን፣ ተረካቢውንም እንገላገላለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ያዋጣል። የማሽኑ መዋጮ ለኪራዩ ይዙር።

ገንደ ቆሬ፦ አገዳውስ? ውሃ የመሰለ ወተት ሱቅ ብናስገባ ማን ይገዛናል?

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክዬዋለሁ። አንደኛ የሱቅ ኪራይ፣ ሁለተኛ ፍሪጅ። አገዳው ጎሮ ዋጋ ሲያመጣ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን እናያለን፣ ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ይዘህ ና።

ሳቢያን፦ እኔ ቅዳሜ አልመጣም። አገዳ የጫነ መኪና ካያችሁ ደውሉልኝ፣ ለብቻዬም ቢሆን እገዛለሁ።