ስክራች (የልጆች የኮድ መማሪያ ፕሮግራም) ላይ የንግግር አረፋው ከገጸ ባሕሪዋ ራስ ወደ እጇ ይዘላል፤ እንዴት ይስተካከላል?

መምህርት ሐ፦
ከልጆች ጋር በስክራች 3 የሁለት ሰዎች ጭውውት እየሠራን ነው። ሴቷ ስፕራይት (በኮድ የምትንቀሳቀሰው ገጸ ባሕሪ) ሁለት ኮስቲዩም (የመልክ ሥዕል) አላት፤ በአንዱ እጇን አውርዳለች፣ በሌላው ከራሷ በላይ አንስታለች። «ሰይ» (የመናገሪያው ብሎክ ወይም የትእዛዝ ቁራጭ) እየሠራ ኮስቲዩሙ ሲቀያየር አረፋው አንዴ ራሷ ላይ አንዴ እጇ ላይ ይሆናል። የኮስቲዩሙን መሐል ነጥብ ብናዛውርም ለውጥ የለም። የሁለቱ አረፋዎችም ይደራረባሉ። የአረፋውን ቦታ የሚወስነው ብሎክ የቱ ነው?

ቀለመወርቅ፦
እንዲህ ያለ ብሎክ የለም መምህርት፤ ቦታውን ስክራች ራሱ ያሰላል። የሚያየውም ከሥዕሉ አናት ወደ ታች ያለውን 8 ፒክስል ብቻ ነው። እጅ ሲነሳ ከሁሉም ከፍ የሚለው ጣቷ ስለሆነ አረፋው እዚያ ይለጠፋል። መሐል ነጥቡ ከስሌቱ ውጭ ነው።

መፍትሔው ሌላ ተናጋሪ ስፕራይት ነው። ትንሽ ነጥብ ይሳሉና በባንዲራው (በማስጀመሪያው) ብሎክ ሥር «ጎስት» (ሥዕሉን የማይታይ የሚያደርገው) ኢፌክቱን 100 ያድርጉት። «ሃይድ» (መደበቂያውን ብሎክ) አይጠቀሙ፤ ስፕራይቱ ሲደበቅ አረፋውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ «ፎርኤቨር» (ሳያቋርጥ የሚደግመው ብሎክ) ውስጥ ነጥቡን ወደ ሴቷ ኤክስ (የአግድም ቦታ) + 35፣ ዋይ (የቁመት ቦታ) + 60 ይላኩት። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ በሥዕሉ መጠን ያስተካክሏቸው። የስፕራይቷን መጠን ወደ 50 በመቶ ከቀነሱ እነሱንም በግማሽ ይቀንሱ።

ንግግሩን «ቃል» በሚባል ለሁሉም ስፕራይት በሚታይ ቫሪያብል (ማስቀመጫ) ያስቀምጡ። ሴቷ ቫሪያብሉን ከሞላች በኋላ «ብሮድካስት ኤንድ ዌይት» (መልእክት ልኮ መጠበቅ) ታደርጋለች፣ ነጥቡ መልእክቱን ሲቀበል «ቃል»ን ለ2 ሰከንድ ይናገራል።

ናትናኤል_ኮድ፦
መደራረቡ የሚመጣው ከስፋቱ ነው። መድረኩ (ትዕይንቱ የሚታይበት ሜዳ) 480 በ360 ፒክስል ነው፤ የአረፋው ጽሑፍ እስከ 170 ይሰፋል፣ ከጠርዙ ጋር 190 ገደማ ይሆናል። አረፋ ሁልጊዜ በቀኝ ይጀምራል፤ በቀኝ ቦታ ሲያጣና በግራ ሲኖር ይገለበጣል። የቀኙ ሰው ኤክስ 120 ላይ ቆሞ ረጅም ነገር ሲናገር አረፋው ወደ ግራ ዞሮ ኤክስ −150 ላይ ከቆመው ሰው አረፋ ጋር ይጋጫል። አጭር ቃል ሲሆን ግን በቀኝ ይቀራል፤ ልጆቹን ግራ የሚያጋባቸው ይኼ ነው። አንዴ ወደ ግራ ከዞረ ደግሞ በግራ ቦታ እስካላጣ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ስለዚህ በየተራ ያናግሯቸው፣ ዓረፍተ ነገሩንም ከፋፍሉት። አብረው መናገር ካለባቸው የአንዱን ነጥብ በ80 ከፍ ያድርጉ። ግን መድረኩ ጫፍ አያስጠጉት፤ እዚያ አረፋው ወደ ታች ተገፍቶ ፊት ይሸፍናል።

መምህርት ሐ፦
ነጥቡ ሠራ። ግን ባንዲራውን ስንጫን ነጥቡ ይታያል፤ ጎስቱን አንዴ አድርገነው ነበር።

ቀለመወርቅ፦
ባንዲራው ኢፌክቶችን በሙሉ ያጸዳል። ጎስት 100 ከባንዲራው ብሎክ ቀጥሎ የመጀመሪያው መስመር ይሁን፣ ከ«ፎርኤቨር» በላይ።